የቃሬዛ ተራ

«አንድ እህል ነጋዴ ነበረ» አሉ ጋሽ ደምለው፣ ጥሩወርቅ ጥያቄዋን እንደጨረሰች።

ጥሩወርቅ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። የጠየቀቻቸው ይህን ነበር፦ «ጋሽ ደምለው፣ ሰዉን ሰብስቤ ቅባት ቀንሱ፣ በእግራችሁ ሂዱ፣ ውፍረቱ ይጎዳችኋል እላለሁ። ያጨበጭቡልኛል። በማግስቱ ያው ናቸው። ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ነው የነሱ?»

ሽማግሌው በቀጥታ አልመለሱላትም። ታሪኩን ቀጠሉ።

ነጋዴው በወጣትነቱ ተሸካሚ ነበረ። አባትም እናትም አልነበሩትም። ገበያ ዳር ቆሞ የሰው ስንዴ ይሸከማል፤ እሱ ግን የሚበላው ቆሎ ነው፤ እሱም ሲገኝ። ስለዚያ ዘመን ሰው ሲጠይቀው «አለፈ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም። በልቡ ግን ምሎ ነበር። የጎድን አጥንቴ ዳግመኛ ለሰው አይታይም ብሎ።

ጊዜ ሰጠው። መጋዘን ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ወፈረ። ከተማው በውፍረቱ ደስ አለው። «አማረብህ» ይሉታል፤ «አሁን ሰው መሰልክ» ይሉታል። ቀበቶው ባጠረ ቁጥር ልቡ ያርፍ ነበር።

እያደር ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ መረመረውና «ስኳር ይዞሃል፣ ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ ልብህም ደክሟል» አለው። «የምትበላውን ካልቀነስክ፣ በእግርህም ካልሄድክ፣ የልጅህን ሰርግ አታይም።»

ልጁ ገና ተማሪ ናት። ነጋዴው ፈራ። ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም፤ ችግሩን ለሰው ማውራት አልለመደም። ብቻውን ሊታገለው ቆረጠ።

መጀመሪያ በእግሩ ወጣ። ከቤቱ እስከ መጋዘኑ ሩቅ አይደለም። ከደጁ ፈቀቅ ሳይል አንድ ባጃጅ አጠገቡ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምነው በእግር? ይግቡ እንጂ!»

«ግድ የለም፣ ልሂድበት።»

«ኧረ ነውር ነው! እኔ እያለሁ እርስዎ አቧራ ሊቅሙ? ሒሳብ አልቀበልም፤ ይግቡ በሞቴ!»

ገባ። በማግስቱ መንገድ ቀይሮ ሄደ። ደጃፏ ላይ የቆመች ሴት ለጎረቤቷ «ሰውየው ከሰረ እንዴ?» ስትል ሰማ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ መጋዘኑ ደረሰ። ገበሬዎች እህላቸውን በዱቤ ሊሰጡት አመነቱ። ከዚያ ወዲያ እሱ ራሱ ባጃጅ ይጠራ ጀመር።

ምግቡን ሊቀንስ ደግሞ ሞከረ። ማኅበር ተጠርቶ ጥቂት ቀመሰና እጁን ሰበሰበ። የቤቱ እመቤት አየችው። በቅቤ የራሰ ጉርሻ ጠቅልላ መጣች።

«በቃኝ፣ ጠገብኩ።»

«ምን በላህና! ወጤ አልጣመህም?»

«ጥሟል።»

«እንግዲያው ቂም ይዘህብኛል። አፈር ስሆን! አንዲት!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። አንዱ «ሀብት አገኘና ናቀን» አለ። ሌላው ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «መድኃኒት ያደረጉበት መስሎት ይሆናል» አለ። የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ። ነጋዴው አፉን ከፈተ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውንም ጎረሰ፤ ሦስተኛውም ተከተለ። ሰዉ ሁሉ ደስ አለው። እሱ ብቻ ቤቱ ሲገባ ግድግዳ ደግፎ ቆመ። በራበው ዘመን የሚያጎርሰው አጥቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ የሚተወው አጣ።

አንድ ቀን የእድራቸው አባል ሞተና ሊቀብሩ ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው፤ መኪናም ባጃጅም አይወጣውም። ከቀብር ሲመለሱ የነጋዴው ዓይን ጨለመ። ተዝለፍልፎ ወደቀ።

በዚያ አገር የታመመን በቃሬዛ መሸከም የእድር ግዴታ ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ አራት አራት ሆነው ይፈራረቃሉ። ነጋዴውን አጋድመው አነሡት። አነሡት ማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ጥቂት እንደሄዱ አስቀመጡት። ተሸካሚዎቹም ቢሆኑ የጠገቡ ሰዎች ናቸው። ከሱቅ ወንበርና ከባጃጅ ወርደው አያውቁም።

«ቀይሩኝ! ትከሻዬ ወለቀ!»

«አሁን አይደል እንዴ የያዝከው?»

«አንተ ና ያዘዋ! ሆድህን አስቀድመህ ከምትመጣ!»

«የኔ ሆድ የራሴ ነው። ይሄኛውን ያሳደገው ከተማው ነው!»

ሳቁ። ሳቁም ትንፋሽ ጨረሰባቸው፤ ደግመው አስቀመጡት።

ነጋዴው ነቅቷል። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ከራስጌው በኩል የያዘው ሰው ትንፋሽ እንደ ወናፍ ይጮኻል። ቀና ብሎ አየው። በተሸካሚነት ዘመኑ አብሮት ያደረ፣ ዛሬ ባለ ሱቅ የሆነ ጓደኛው ነው። ከንፈሩ ደርቋል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ነጋዴው ይህ ሰው ከእኔ ቀድሞ ሊሞት ነው ብሎ ደነገጠ።

«አውርዱኝ» አለ።

«ተኛ አንተ! በሽተኛ አይደለህ?»

«አውርዱኝ አልኩ። የምትሸከሙት እኔን አይደለም። ያጎረሳችሁኝን ነው።»

አወረዱት። ከቃሬዛው ላይ ተነሥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በዕድሜው ተናግሮት የማያውቀውን ያን ቀን ተናገረ።

«ሐኪም የልጅህን ሰርግ አታይም ብሎኛል። መብሉን ልቀንስ ስል ታለቅሳላችሁ። በእግሬ ልሂድ ስል ከሰረ ትላላችሁ። ብቻዬን አልቻልኩም።»

ማንም አልሳቀም። ጓደኛው «እኔም ግፊት አለብኝ» አለ ቀስ ብሎ። ሌላው ጉልበቱን እያሸ «እኔን ስኳር ብለውኛል» አለ። ለካ ሁሉም የየራሱን ደብቆ ኖሯል።

የእድሩ ዳኛ ላቡን ጠረገ። «የዛሬ ቃሬዛ ተረኞች ነገ ማለዳ በዚህ ሰው በር ላይ ተገኙ» አለ። «የምትገኙት ልትሸከሙት አይደለም፤ አብራችሁት ልትሄዱ ነው። በማግስቱ ቀጣዮቹ ተረኞች። የቀረ ከቃሬዛ እንደቀረ ይቆጠራል፤ ይቀጣል።»

«እኔ እንኳ ጉልበቴን…»

«አንተማ በተለይ!»

ነጋዴው ትንፋሹ እስኪመለስ አረፈ። ከዚያ በጓደኛው ትከሻ ተደግፎ የቀረውን መንገድ በቀስታ ተራመደ። ባዶውን ቃሬዛ ይዘው ከኋላው ተከተሉት። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሐኪሙ በእግሩ በመምጣቱ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ መረመረውና «ለዛሬ ተርፈሃል» አለ።

ማለዳ ማለዳ መሄድ ጀመሩ። በመጀመሪያው ሰሞን መንገዱ እሮሮ ብቻ ነበር። ባለ ባጃጁ ከጎናቸው እየነዳ «ሬሳ አጣችሁ እንዴ፣ ቀባሪ ብቻ!» እያለ ይሳለቅባቸው ነበር። ሰዉ ሁሉ በእግሩ ሲሆን ማለዳ የሚሳፈር አጣ። አንድ ቀን ባጃጁን አቆመና እየተሳደበ ተቀላቀላቸው። ከዚያ ወዲያ በእግሩ የሚሄድን ሰው ከሰረ የሚል ጠፋ። ከተማው በሙሉ አይከስርማ።

ያቺ እመቤትም ነገሩን ሰማች። የማኅበር ተራዋ ዳግም ሲደርስ ጎመኑንና ምስሩን ፊት አቀረበች፤ ቅቤውን አሳነሰች። ከመሶቡ አጠገብ ቆማም ተናገረች፦ «ዛሬ በቤቴ የሚለምን የለም። የጠገበ ጠገብኩ ይበል። የተቀየመ ቢኖር እኔ አይደለሁም።»

ነጋዴው ጥቂት በልቶ «ጠገብኩ» አለ።

ዞሮ ያየው የለም። ወሬያቸውን ቀጠሉ። ነጋዴው አንገቱን ደፋ፤ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ እንዳይታይበት። ራብን ሸሽቶ ብዙ ዓመት ሮጧል። የሚያሳድደው እንደሌለ የገባው ገና ያን ቀን ነው። እየከሳም ሄደ፤ ሰርጉንም አየ።

ጋሽ ደምለው ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ወደ ጥሩወርቅ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሐኪሙ አንቺ ነሽ። ነጋዴው ደግሞ ያ የሚያጨበጭብልሽ ሰው ነው። ሐኪሙ የተናገረው እውነት ነበር፤ ነጋዴውም እውነት መሆኑን አምኗል። እንግዲያስ አንቺም አላጠፋሽ፣ እነሱም አላጠፉ። ግን ሐኪሙ የከተማውን ሸክም ለአንድ ሰው አሸክሞ ብቻህን ተወጣው አለው። አንዱን ‹ተው› ከማለትሽ በፊት ዙሪያውን ‹ተዉት› በያቸው። ‹ሂድ› ከማለትሽ በፊት አብሮት የሚሄድ ፈልጊለት። በፍቅር የወፈረ ሰው በቁጣ አይከሳም፤ ፍቅሩን ሌላ መንገድ አሳዪው እንጂ።»

ጥሩወርቅ ከልቧ ተነፈሰች። ስንት ጊዜ ራሷን ስትወቅስ ኖራለች።

«ታዲያ ከየት ልጀምር?»

«የፊታችን እሑድ የሰንበቴው ተረኛ ማን ነው?»

«እናቴ ናት።»

«ከእሷ ጀምሪ።»

ጥሩወርቅ ሳቀች። እናቷን ታውቃታለች፤ ሳታጎርስ የምትሸኘው እንግዳ የለም።