በላስቲክ የታሸገው ስኮርታ

አንድ ጠላቂ ነበር፣ ወርዶፋ የሚባል። ስራው ሐይቅ ውስጥ የሰመጠ ነገር ማውጣት ነው። ጀልባ በሉት፣ ሞተር በሉት፣ አንዳንዴ ሰውም። ሁሌ አብሮት የሚወርድ ዳምጠው የሚባል ጓደኛ ነበረው፣ ምክንያቱም እዚያ ስራ ላይ ብቻህን አትወርድም። ውሃ ውስጥ አየር ካለቀብህ ያለህ አጠገብህ ያለው ሰው ነው። ለዚህ ብሎ እያንዳንዱ ጠላቂ ጀርባው ላይ ካዘለው የአየር ሲሊንደር ሁለት መተንፈሻ ያወጣል። አንዱን ራሱ ነክሶ ይተነፍስበታል፣ ሁለተኛው ደረቱ ላይ ይንጠለጠላል፣ አየር ላለቀበት ጓደኛ። ሁለተኛውን እነሱ ስኮርታ ነው የሚሉት፣ እንደ መኪና ትርፍ ጎማ።

ወርዶፋ ታዲያ አዲስ ስኮርታ ገዛ። ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ። ከነላስቲኩ ደረቱ ላይ አንጠለጠለው። የኛን ሰው ታውቁት የለ፣ ሪሞቱ በላስቲክ፣ ሶፋው በላስቲክ። ላስቲኩ እንዳይላቀቅ ደሞ በስኮች ደጋግሞ ጠመጠመበት።

ጀልባዋ ላይ ዳምጠው አየውና ምንድነው ይሄ አለው። ወርዶፋ ጭቃ እንዳይገባበት ነው አለ። የዚህ ሐይቅ ጭቃ ክፉ ነው፣ ደሞስ ይሄን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንወርድ ስኮርታ የነካ ሰው አለ ወይ አለው።

"እታች ቢያልቅብኝስ?"

"ያኔ እፈታልሃለሁ።"

"በጥርስህ?"

ተሳሳቁና ወረዱ። እኔን የሚያበግነኝ እዚህ ጋ ነው። ዳምጠው አይቶታል'ኮ። በዓይኑ አይቶ፣ ቀልዶበት፣ ወረደ።

የዚያን ቀን የሚያወጡት የሰመጠ የጀልባ ሞተር ነበር። እታች ድቅድቅ ነው። ባትሪ ብትይዝም ጭቃው አንዴ ከተነሳ የራስህን እጅ አታይም። ዳምጠው ሞተሩን በገመድ ለማሰር ሲታገል፣ ሲያለከልክ፣ የአየሩን መለኪያ ማየት ረሳ። አየር ሳበ፣ ከበደው። ደግሞ ሳበ። ምንም የለም።

እስቲ አስቡት። ወደ ላይ ልሩጥ እንዳይል ሩቅ ነው። ትንፋሹን ይዞ እንደ ቡሽ ብድግ ቢል ሳንባው ይፈነዳል። እንዳይጣራ ውሃ ውስጥ ድምፅ የለውም። በዳበሳ ወርዶፋን አገኘው። ደረቱን ፈተሸ፣ ስኮርታውን ያዘ፣ አፉ ውስጥ ከተተና ነከሰ። ላስቲክ ነው። አገላብጦ ደግሞ ነከሰ። ላስቲክ።

ወርዶፋ ገና ምኑም አልገባውም። ከጭቃው መሀል አንድ እጅ መጣና መተንፈሻውን ከአፉ ላይ መነጨቀው። በዳምጠው አትፍረዱበት። አየር ያጣ ሰው የሚሰራውን ነው የሚወስደው።

አሁን አየር የሌለው ወርዶፋ ሆነ። ስኮርታውን አፈፍ አደረገ። የስኮች ጫፍ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እቤት ቁጭ ብላችሁ፣ መብራት እያለ፣ በጥፍራችሁ እየዳበሳችሁ እንኳን ያናድዳል። እሱ በጓንት ነው። በጨለማ ነው። ያጠበቀው ደሞ ራሱ ነው፣ ማንን ይርገም? ደረቱ መዝለል ጀመረ። ጉሮሮው ውሃም ቢሆን ካልሳብኩ አለው። ሰው ሊሞት ሲል ልጆቹ ትዝ ይሉታል ይባላል። እሱ ትዝ ያለው የስኮቹ ጫፍ ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር አፉ ላይ ተገፋ። ዳምጠው ሁለቴ ሳብ አድርጎ መተንፈሻውን መልሶለት ነው። እንደዚያ እየተቀባበሉ፣ አንዱ የሌላውን ትጥቅ ጨምድዶ ይዞ፣ ቀስ እያሉ ወጡ። አንዱ ሲስብ ሌላው አረፋ እየለቀቀ ተራውን ይጠብቃል። ወርዶፋ በሰጠ ቁጥር አሁንስ ባይመልስልኝ ይላል። ዳምጠውም በሰጠ ቁጥር ያንኑ ይላል። እስከ ላይ ድረስ፣ ሁለት ጓደኛሞች፣ እርስ በርስ እየተፈራሩ።

ጀልባዋ ላይ ወጥተው ሲያስሉ ሲያስሉ ቆዩ። መጀመሪያ የተናገረው ወርዶፋ ነው።

"ልትገድለኝ ነበር'ኮ።"

ዳምጠው ወደ ላስቲኩ ጠቆመ። "እኔ አየር ነው የወሰድኩት። ሊገድለን የነበረው ስኮርታ ያሸገው ሰውዬ ነው። እኔንም ቁጠረኝ፣ አይቼ ስቄ ወርጃለሁ።"

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ለክፉ ቀን ያልከው ነገር በደህናው ቀን ካልተከፈተና ካልተሞከረ የለህም ማለት ነው። አለኝ አትበለኝ። እሳት ማጥፊያውን ክፍል ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ አለ። ችግር ቢመጣ ወንድሜ አለልኝ የሚል አለ፣ ከወንድሙ ጋር ግን ተኳርፎ ዓመት አልፎታል። ክፉ ቀን ደሞ እስክትፈታ ቆሞ አይጠብቅህም። ለሌላ ሰው ነው ብለህም ችላ አትበል። የቸገረው ሰው በእጅህ ያለውን ደህናውን ይወስድና ያ ችላ ያልከው ላንተ ይቀራል።

የናንተስ የቱ ነው የታሸገው? እሱን ካሰባችሁ በኋላ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ደረቱን እዩት። አሽጎ ካገኛችሁት አትሳቁለት። ተጣሉት። መሬት ላይ ቢያኮርፋችሁ ይሻላል።