አልጫንም ያለው ፕሮግራም

ልንገራችሁ፤ ጆሮ ስጡኝ። ጣና ዳር ባለች ከተማ ይታክቱ የምትባል ተማሪ ነበረች። ምኞቷ ትንሽ ነበር፦ የአንዲት ነርቭ ሕዋስ ምት ኮምፒውተር ላይ ሲዘል ማየት። ጥናቷ ስለሚጥል በሽታ ነው፤ ምቱን ነገ ለፈታኞቿ ካላሳየች ምረቃዋ ለከርሞ ይተላለፋል።

የነርቭን ምት አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት በሚሠራው የቤተ ሙከራው ኮምፒውተር ላይ ልትጭን ሞከረች። ፕሮግራሙ፣ ከሌሎች ጋር አልደባለቅም፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ለብቻዬ ክፍል ካልተሠራልኝ አልጫንም አለ።

ፕሮግራሙ የሚሠራበትን የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ፓይተንን፣ ክፍሉን ሥራ ብላ አዘዘችው። ፓይተን፣ ክፍል መሥሪያዬ አልተጫነም፣ የኮምፒውተሩ ኃላፊ ካላስጫኑት አልሠራም አለ።

ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ደባልቄ ሄደች። ፕሮግራሙ አልጫንም አለ፣ ፓይተን አልሠራም አለ፣ እባክዎ የይለፍ ቃሉን ያስገቡልኝ አለቻቸው። አቶ ደባልቄም፣ የነርቭ ሐኪሟ የዶክተር ፈትለወርቅ የሕሙማን የአንጎል ሞገድ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ነውና እሳቸው ሳይፈቅዱ አላስገባም አሉ።

ወደ ዶክተር ፈትለወርቅ ሄደች። ፕሮግራሙ አልጫንም አለ፣ ፓይተን አልሠራም አለ፣ አቶ ደባልቄ አላስገባም አሉ፣ እባክዎ ይፍቀዱልኝ አለች። ሲጫን አንድ ነገር ቢበላሽ ቅጂው ሌላ ቦታ ስለሌለ አስቀድሞ ዲስክ ላይ ካልተገለበጠ አልፈቅድም አሉ። ዲስኩ ሆስፒታል፣ ነርሱ መርዕድ ጋ ነበር።

ወደ መርዕድ ሮጠች። ፕሮግራሙ አልጫንም አለ፣ ፓይተን አልሠራም አለ፣ አቶ ደባልቄ አላስገባም አሉ፣ ዶክተሯ አልፈቅድም አሉ፣ እባክህ ዲስኩን ስጠኝ አለች። የአንድ ሕፃን የአንጎል ሞገድ ሳልቀዳበት አልሰጥም፣ እናቱ ግን ራሱ ላይ የሚለጠፈውን መቅጃ ሽቦ አላስነካም ብለዋል አላት።

እናትየው ወይዘሮ የሻረግ ይባላሉ። ልጃቸው ደጋግሞ ይወድቃል። ከአገውኛ በቀር አይሰሙም፤ ሽቦው ኤሌክትሪክ ወደ ልጃቸው ራስ የሚልክ መስሏቸው ሕፃኑን እቅፍ አድርገው ይዘዋል።

ይታክቱ ስለ ፕሮግራሙም ስለ ፓይተንም ስለ አቶ ደባልቄም ስለ ዶክተሯም ስለ መርዕድም ማውራቷን ተወች። አጠገባቸው ተቀመጠችና ባፍ መፍቻዋ በአገውኛ፣ "እናቴ፣ ሽቦው ምንም አይልክም። ያዳምጣል እንጂ" አለቻቸው። መርዕድንም ሽቦውን አስቀድሞ የእሷው የይታክቱ ራስ ላይ እንዲለጥፈው ጠየቀችው፤ እሱም ለጠፈው።

ወይዘሮ የሻረግ ሽቦው የተለጠፈበትን ራሷን አዩ። ከዚያ ሕፃኑን ያቀፉበትን ክንዳቸውን ላላ አደረጉ።

እናትየው እሺ ሲሉ መርዕድ ቀዳ፤ መርዕድ ሲቀዳ ዲስኩን ሰጠ፤ ዲስኩ ሲመጣ ዶክተሯ ገልብጠው ፈቀዱ፤ ዶክተሯ ሲፈቅዱ አቶ ደባልቄ የይለፍ ቃሉን አስገቡ፤ ክፍል መሥሪያው ሲጫን ፓይተን ክፍሉን ሠራ፤ ክፍሉ ሲሠራ ፕሮግራሙ ሰተት ብሎ ገባ። የነርቯም ምት ብድግ አለ፣ ወረደ፣ ደግሞ ብድግ አለ።

ይታክቱ አቶ ደባልቄን አመሰገነች፤ ዶክተሯን አመሰገነች፤ ሆስፒታል ተመልሳ መርዕድን አመሰገነች። እሱም የሕፃኑ ሕመም ከየት እንደሚነሳ በቅጂው ታይቶ መድኃኒት እንደታዘዘለት ነገራት። በመጨረሻ ወይዘሮ የሻረግን እጅ ነሥታ አመሰገነች።

"ሽቦውንስ አሁንም እፈራዋለሁ፣ ልጄ" አሏት። "አንቺን ግን አመንኩሽ።"