ነግሬሽ ነበር፣ እታለም

አንዲት ሴት ነበረች። ገበያ ዳር መዳፍ በምታህል ትንሽ ሱቅ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ትሸጣለች። አስካለ እንበላት። ምላሷ ትንሽ ፈጠን ይላል እንጂ ሆዷ ቂም አያውቅም። እናትና አባቷ ሲሞቱ ታናሽ ወንድሟን ምንዳዬን እንደ ልጇ ያሳደገችው እሷ ናት።

ምንዳዬ አናጢ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ግን ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል። ሕመም ነው፣ ወገኖቼ። እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት ሕመም ነው። ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን እየዋጠ ደህና ሆኖ ወደ እንጨቱ ተመልሶ ነበር።

ታዲያ ምን መጣ? አስካለ ወንድሟ ጨርሶ እንዲድንላት ጠበል ወሰደችው። ደግ አደረገች። ሰልፉ ላይ ግን መካሪ ሞልቷል። መቼም ሐኪም ቤት የሌለበት ሰፈር አለ፤ ሐኪም የሌለበት ሰፈር ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዷ ጠጋ ብላ፣ ኪኒን ይዞ ጠበል መምጣት እግዜርን መጠራጠር ነው አለቻት። አስካለ ደነገጠች። ኪኒኑን ከልብስ ሣጥኗ ሥር ደበቀችው።

ሳምንታት አለፉ፤ ድምፁም ተመለሰ። አንድ ቀን ምንዳዬ ሱቋ ድረስ መጣ። «እታለም፣ እጅህ ኃጢአተኛ ነው እያሉኝ ነው» አላት። ደንበኞች ቆመዋል። አስካለ ዙሪያዋን ቃኘችና «ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል» አለችው።

ድምፁን ዝም ማሰኘት ቢያቅታት ወንድሟን ዝም አሰኘችው። እሱም እህቱን የሚሰማ ልጅ ነውና ዝም አለ።

ከዚያ የሆነውን አልዘረዝርላችሁም። ግራ እጁን በገዛ እጁ ክፉኛ ጎዳ። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉ፤ ግራ እጁን ግን ማትረፍ አልቻሉም።

አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ምነው ወንድምዓለም፣ ምነው ሳትነግረኝ እያለች አለቀሰች። ቀና ብሎ አያት። አልተቆጣም። በፍቅር ነው ያያት።

«ነግሬሽ ነበር፣ እታለም።»

ይህን ቃል ይዛ፣ ወንድሟን አስከትላ አጥማቂው አባ ወልደ ጻድቅ ዘንድ ሄደች። ኪኒኑን እሷ እንዳስተወችው እያለቀሰች ነገረቻቸው። አባ ኪኒኑን ከእጇ ተቀብለው በምንዳዬ ቀኝ መዳፍ ላይ አኖሩት። በሌላ እጃቸው ጠበል ቀዱለት።

«ጠበሉን የባረከ፣ ለሐኪሙም ጥበብ የሰጠ እሱ ነው። በል ልጄ፣ በጠበሉ ዋጠው» አሉ። ያቺ መካሪ ሴት ሰልፉ ላይ ነበረች፤ አንገቷን ደፋች።

በዚያው ዳነ? እንደዚያ ብዬ አልዋሻችሁም። ደህና ከርሞ ድምፁ ተመለሰ። ያን ዕለት ገበያው ደርቶ ነበር። ምንዳዬ ሱቁ በር ላይ ቆሞ እህቱን አያት፤ አፉ ግን እንቢ አለው። ዝም በል ተብሎ ያውቃላ! አሁን የቀረችው አንዲት ቀኝ እጁ ናት። አስካለ ሚዛኑን ትታ ወጣች፣ ያቺን እጁንም ያዘቻት።

«መጡ እንዴ? ምን እያሉህ ነው?» አለችው።

ነገራት። የሚያስፈራውን ሁሉ ነገራት። ውሸት ነው ብላ አልተከራከረችውም፣ ጸልይ ብላም አላሳለፈችው። ጨርሶ እስኪናገር ሰማችው። ከዚያ «እኔ አልሰማቸውም፤ አንተን ግን እሰማሃለሁ። ና፣ አብረን እንሂድ» አለችው። ጎረቤቷ ወዴት ነው ብትላት፣ ገበያው እየሰማ፣ ወንድሜን አሞታል፣ ሐኪም ቤት ልወስደው ነው አለቻት። ጎረቤቷም ሱቁን ልጠብቅልሽ ብላ ከሚዛኑ ኋላ ተቀመጠች። ይኸው ነው፤ ሰማይ አልተደፋም።

ምእመናን ሆይ፣ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። ምንዳዬ መቼ ሸሸገ? የሸሸግነው እኛ አይደለንም? በቤታችሁ ዝም በል የተባለ የለም? እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ የለም? ሲነግራችሁ ስሙት። ራሴን ልጎዳ ነው ሲላችሁ ለነገ አታሳድሩት፤ ብቻውን አትተዉት፤ ሐኪም ቤት ይዛችሁት ሂዱ። አንተም ድምፁ የሚያስቸግርህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ አንዱ ባይሰማችሁ ለሌላው ንገሩ። እኛ ዘንድ ኑ፤ አናፍርባችሁም፤ እንወዳችኋለን።

ዛሬ ስትገቡ የገፋችሁትን አዲሱን በር አያችሁት? ምንዳዬ በቀኝ እጁ ላገው፤ አስካለ እንጨቱን በወዲያ በኩል ይዛለት ነበር። ስትወጡ ቀስ ብላችሁ ዝጉት።