የሊቀ መኳሱ ሚስት ጥያቄ

በድሮ ዘመን፣ መኸር ተሰብስቦ ክተት በታወጀበት ወር፣ አንድ ንጉሥ ጦር ሜዳ ላይ ሞተ። የሞተው ግን ሌላ ሰው ነው ተባለ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጆች።

ንጉሡ ብልጥና ፈሪ ነበር። ሊቀ መኳሱ ቢምረው ደግሞ ዝምተኛና ታማኝ። ሊቀ መኳስ ምንድን ነው ብትሉ፣ መልኩ ንጉሡን የሚመስል ሰው ነው። ጦርነት ሲመጣ የንጉሡን ልብስ ይለብሳል፤ የንጉሡን ፈረስ ይጋልባል፤ ለንጉሡ የተወረወረውን ጦር ይቀበላል።

የዚያን ቀን ንጉሡ እንደ ተራ ወታደር ለብሶ ከቢምረው ኋላ ተደበቀ። ጦር ተወረወረ። ቢምረውን ሳተው። ንጉሡን አገኘው።

ቢምረው ከፈረሱ ሊወርድ ሲል የጦሩ አዛዥ ደጃዝማች አንለይ እግሩን ጨብጠው ያዙት።

«ወዴት ነው?»

«ልወርድ ነዋ፣ ጌታዬ! ንጉሡ እኮ ሞቱ።»

«ንጉሡማ ፈረስ ላይ ናቸው። የሞተው ቢምረው ነው።»

«ኧረ ቢምረው እኔ ነኝ!»

«ከወረድክ ሠራዊቱ ይበተናል። ከመበተኑ በፊት ግን አንገትህን እኔው እቆርጠዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይቀመጡ፣ ጃንሆይ።»

ተቀመጠ። ጦርነቱም ድል ሆነ።

ቤተ መንግሥት ገባ። በመጋረጃ ተከልሎ ይበላል፤ በመጋረጃ ተከልሎ ይፈርዳል። የሚናገርለት አፈ ንጉሡ ነው። በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ሚስቱ ወደ ትሁነኝ መመለስ።

ትሁነኝ ችሎት መጣች። «ባሌ ሞቷል ወይስ አለ?» ብላ ጠየቀች። አፈ ንጉሡ «ሞቷል» አላት። ሄደች።

በዓመቱ ተመልሳ መጣች። «ሞቷል» አላት። ሄደች።

ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። «ከጃንሆይ አፍ ካልሰማሁ ከዚህ አልነሳም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ንጉሥ ከተራ ሰው ጋር ያወራል እንዴ?»

«የሞተላቸውስ ተራ ሰው አይደለም ወይ?»

አፈ ንጉሡ ወደ መጋረጃው ዞረ። ከመጋረጃው ኋላ ደጃዝማች አንለይ ወደ ቢምረው ጆሮ ተጠጉ። «እውነቱን ካወቀች እሷም አትተርፍም» አሉት።

ቢምረው ጉሮሮውን ጠረገ። «ባልሽ ሞቷል» አለ። «ሌላ አግቢ።»

ትሁነኝ እጅ ነስታ ወጣች። በመጋረጃው ስንጥቅ ጀርባዋን አየ። ዞር አላለችም። ለዘላለም እንደረሳችው ቆጠረ፤ እንደዚያው ብቻውን ነግሦ፣ ብቻውን አርጅቶ ሞተ።

ልጆች፣ በሰው ዙፋን የተቀመጠ የገዛ ደጁን ያጣል።

ትሁነኝ ግን ሌላ ባል አላገባችም። ለቢምረውም ተዝካር አላወጣችም። የንጉሡ ሞት በተነገረ ቀን ፀጉሯን ተላጭታ ማቅ ለበሰች።

«ምነው ትሁነኝ?» አሉ ጎረቤቶቿ። «ለባልሽ ያላለቀስሽ ለንጉሥ?»

«ያኔ ምን ያስለቅሰኛል? ድምፁን ሰምቼ አይደል የተመለስኩት።»