የአያ ጅቦ መቶ ሃያ ሽያጭ

አንድ ጊዜ፣ ወፎች ገበያን ከመሬት አንሥተው ሰማይ ላይ በዘረጉበት ዘመን፣ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት መተያየታቸው ቀርቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትናንሾቹ ወፎች የየሱቁን ዕቃና ዋጋ በዜማ እያሰሙ ሸለቆውን ያዳርሳሉ። ከቀትር በፊት ትዕዛዝ ይዘው ይመለሳሉ። ከዚያ ዝዮች ዕቃውን አንጠልጥለው ሦስት ተራራ ተሻግረው ያደርሳሉ። ክፍያው በጨው ጠጠር ነው። ገዢው ዕቃውን ካልወደደው በዚያው ዝይ ይመልስና ጨዉን ይቀበላል። የቆላዋ አህያ ከደጅዋ ሳትነቃነቅ፣ በሕይወቷ አይታት ለማታውቃት የደጋ ቆቅ መኝታ ትሸጥላታለች! ይህን ስተርክ እኔን ራሴን ይደንቀኛል።

ያቺ አህያ እመት አህዪት ትባላለች። የምትሸጠው የደረቀ ሣር ነው፤ እያሰረች፣ ለመኝታ። ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች። በጋው ሳይገባ ገብስ አጠራቅማለች፤ ድርቁን ከምትወልደው ውርንጭላ ጋር የሚያሻግራት እሱ ብቻ ነው። ሌላ መተማመኛ የላትም።

ጎረቤቷ አያ ጅቦ ደግሞ አጥንት ሻጭ ነው። ወፎቹ «ሙሉ አጥንት! ማንም ያልነካው አጥንት!» እያሉ ያዜሙለታል። እሱ ግን ዕቃውን ለዝዮቹ ከማስረከቡ በፊት አንዴ ሳይግጠው ማለፍ አይሆንለትም። ምን ያድርግ፣ ጅብ ነው።

አንድ ማለዳ ደላላው ቀበሮ አያ ጅቦን አስከትሎ ከአህዪት ደጅ ደረሰ።

«እመት አህዪት፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አላት ገና ከሩቅ። «አያ ጅቦ ሸሪክ እየፈለገ ነው። ስንቱ ሲለምነኝ እኔ አንቺን አሰብኩ።»

አህዪት በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ጅብና አህያ ሸሪክ ሲሆኑ አስቡት እንግዲህ!

«ምን አለኝና ነው እኔን የምትፈልጉኝ?»

«ገብስ አለሽ። በገብሱ ብዙ ዝይ እንቀጥራለን፣ ሱቁ ይሰፋል፣ ትርፉን እኩል ትካፈላላችሁ። እኔ ለድካሜ ከገብሱ አንድ አሥረኛውን ብቻ ነው የምወስደው።»

«ለመሆኑ አያ ጅቦ፣ በዚህ ወር ስንት ሸጡ?»

«መቶ ሃያ!» አለ ጅቡ ደረቱን ነፍቶ። «መቶ ሃያ ጠጠር ጨው! አንዷን የጭን አጥንት ብቻዋን ዘጠኝ ጊዜ ሽጫታለሁ። ዘጠኝ ጊዜ የተሸጠች አጥንት ያለው ሌላ ማን አለ?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገና ቶሎ ብሎ፣ «አንቺስ?» አላት።

አህዪት ጆሮዎቿን ጣለች። «እኔማ… ወሩ ሲያልቅ እንስራዬ ውስጥ ያገኘሁት አሥራ ሁለት ነው።»

«አሥራ ሁለት!» ጅቡ በሳቅ ተንከተከተ፤ የጅብ ሳቅ መቼም ታውቁታላችሁ።

«አየሽው ልዩነቱን?» አለ ቀበሮ ድምፁን አለስልሶ። «መቶ ሃያና አሥራ ሁለት! ሐሙስ ጠዋት ዋርካው ሥር፣ አያ አንበሶ ባሉበት ትፈራረማላችሁ። ገብሱን ይዘሽ ነይ።»

አህዪት አፈረች። ያ ሁሉ ሣር ስታስር የከረመችው ለአሥራ ሁለት ጠጠር መሆኑ አሳፈራት። በኀፍረቷ መሀል «እሺ» አለች።

ረቡዕ ዕለት ውኃ ልትጠጣ ወንዝ ወረደች። እማማ ጃርት አሸዋው ላይ ተቀምጣ ከጀርባዋ የወደቁ እሾሆቿን ትለቅማለች። አሮጊቷ አንዷንም እሾህ አትጥልም፤ መቁጠሪያዎቿ ናቸው። አህዪት የገጠማትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት።

«መቶ ሃያ ምኑ?» አለች ጃርት።

«ሽያጩ ነዋ፣ እማማ።»

«ሽያጭ ሲል ምን ማለቱ ነው? የታዘዘውን ሁሉ ነው ወይስ ገዢው ወዶ ያስቀረውን? የዝዮቹ ዋጋ አለበት ወይስ የለበትም?»

አህዪት ይህን ጨርሶ አልጠየቀችም።

«ያንቺ አሥራ ሁለትስ?»

«እሱ የተረፈኝ ነው። ለማሰሪያ ገመድ፣ ለምልሰው ጨው፣ ለጎጆዬ ክዳን አውጥቼ አውጥቼ የቀረኝ።»

እማማ ጃርት እሾሆቿን አስቀምጣ ቀና አለች። «ልጄ፣ እሱ ገለባና ፍሬውን አንድ ላይ ሰፍሮ ነገረሽ። አንቺ ደግሞ በልተሽ የተረፈሽን ነገርሽው። ታዲያ ይህን ከዚያ ጋር ምን ያወዳድረዋል?»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል? ውሉ እኮ ነገ ነው።»

«ነገ እመጣለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እሱን ብቻ ነጥዬ አልቆጥርም። የምቆጥር ከሆነ ሁላችሁንም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የምቆጥረው።»

ሐሙስ ጠዋት ዋርካው ሥር የሸለቆው አራዊት ሁሉ ተሰበሰቡ። አህዪት ገብሷን በሁለት ስልቻ ጭና መጣች። አያ አንበሶ ከዋርካው ግንድ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አህዪት ፊታቸው ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ገብሴን ከማስረከቤ በፊት እማማ ጃርት ትቁጠርልን።»

«ይሄማ አያ ጅቦን መጠርጠር ነው!» ብሎ ቀበሮ ዘለለ። «የተከበረ ነጋዴ በአደባባይ ይዋረዳል እንዴ?»

«ይቆጠር እንጂ!» አለ ጅቡ እየሳቀ። «መቶ ሃያ ያለው ምን ይፈራል? እንዲያውም ሁሉም ይይልኝ።»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፈነ።

እማማ ጃርት አሸዋውን በመዳፏ ደለደለች። ዕቃውን ሁሉ ያመላለሱት ዝዮች ናቸውና ምስክር ሆነው በረድፍ ቆሙ። «ለሁሉም ሱቅ ሕጉ አንድ ነው» አለች። «አንድ እሾህ አንድ ጠጠር ጨው ነው። መጀመሪያ የታዘዘው ሁሉ በሙሉ ዋጋው ከማድረሻው ጋር ይተከላል። ከዚያ ማድረሻው ይነቀላል፤ እሱ የዝዮቹ የክንፍ ዋጋ ነው። ቆሞ የሚቀረው ጠቅላላ ሽያጭ ይባላል። ከዚያ ላይ ለገዢ የተደረገው ቅናሽ ይነቀላል፣ ተመላሹም ይነቀላል። በመጨረሻ የሚቆመው የተጣራ ሽያጭ ነው። ለገመድና ለቀለብ ያወጣችሁት እዚህ አይገባም፤ እሱ የትርፍ ቆጠራ ነው፣ ሌላ ቀን ይቆጠራል።»

«ከእኔ ይጀመር» አሉ አያ አንበሶ።

አራዊቱ እርስ በርስ ተያዩ። ንጉሡም ሱቅ አላቸው፤ ከጎፈራቸው የሚረግፈውን ፀጉር ለጎጆ መሥሪያ ይሸጣሉ። ግን አንበሳን ቆጥሮ የሚያውቅ ማን ነው? ጃርት ሳትቸኩል ሃምሳ ሁለት እሾህ ተከለች። ሰባቱን ለዝዮቹ ነቀለች፣ አርባ አምስት ቀረ። ቅናሽ የለም።

«ተመላሽስ?» ብላ ወደ ዝዮቹ ዞረች።

ዝዮቹ አንገታቸውን ደፉ። ቆይቶ አለቃቸው በቀጭን ድምፅ፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ዘጠኝ ጠጠር የከፈሉ ገዢዎች ሊመልሱ ፈልገው ነበር። ፈርተው ተዉት» አለ።

አንበሳው ተነሡ። ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ መሬት ላይ ተለጠፈ፤ ቀበሮ እንኳ ትንፋሹን ዋጠ። አያ አንበሶ ወደ አሸዋው ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ዘጠኙን እሾህ አንድ በአንድ በጥርሳቸው ነቀሉና «ጨዋቸው ይመለስላቸው» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሠላሳ ስድስት ቀረ። እነዚያ አራዊት ዕድሜያቸውን ሙሉ አንበሳን ሲፈሩ ኖረዋል፤ አንበሳ ለአንዲት ጃርት ቆጠራ ሲያጎነብስ ግን ያን ቀን ገና አዩ። ከግርማው ይልቅ ይህ አስደነገጣቸው።

የጅቡ ተራ ሆነ። መቶ ሃያው እሾህ ሲተከል አሸዋው ጥቅጥቅ ያለ ደን መሰለ። አያ ጅቦ ዙሪያውን እየዞረ በደስታ ተቅለጠለጠ። «ይኸው! ምን አልኳችሁ?»

ሃያው ለዝዮቹ ተነቀለ፤ መቶ ቀረ። ሥጋው ላዩ ላይ ስላልነበረ ዋጋ የተቀነሰለት አጥንት ብዙ ነው፤ አሥራ ስምንት ተነቀለ። ከዚያ ተመላሹ መጣ። የዝዮቹ አለቃ መናገር ጀመረ፤ «የጥርስ ምልክት ስላለበት ተመለሰ። ግማሹ ስለሌለ ተመለሰ። ምራቅ ስላለበት ተመለሰ። የጭን አጥንቷ ተመለሰች። እንደገና ተሸጣ ተመለሰች። እንደገና ተሸጣ ተመለሰች…» ጃርት ትነቅላለች፣ ትነቅላለች። ሰባ ስምንት እሾህ ተነቅሎ ሲያልቅ ያ ሁሉ ደን የነበረበት ቦታ ባዶ አሸዋ ሆነ። አራት እሾህ ብቻ ቆሟል።

ጅቡ አፉን ከፍቶ አየው። «እኔ እኮ አልዋሸሁም» አለ፣ ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ። «እያንዳንዷን ሸጫታለሁ።»

«አልዋሸህም፣ ልጄ» አለች እማማ ጃርት። «ሸጠሃል። ያስቀሩልህ ግን ይህን ያህል ነው።»

በመጨረሻ የአህዪት ተራ ደረሰ። ሃምሳ ተተከለ፣ ስድስቱ ለዝዮቹ ሄደ፣ አርባ አራት ቀረ። ለአንዲት እናት ሚዳቋ ያደረገችው አንድ ቅናሽ ተነቀለ። ሁለት ተመላሽ ተነቀለ። አርባ አንድ እሾህ ቆመ።

አርባ አንድ! ከንጉሡ ሱቅ አምስት ይበልጣል። በሜዳው ላይ የመገረም ድምፅ ተሰማ፤ ዝዮቹ ክንፋቸውን አርገበገቡ። አህዪት ብቻ አላመነችም።

«እማማ፣ ተሳስተሽ እንዳይሆን?»

«ራስሽ ቁጠሪው።»

ሦስት ጊዜ ቆጠረችው። ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለው ገብስ ትዝ አላት። «የልጄን ቀለብ ላስረክብ ነበር!» ብላ እዚያው አለቀሰች። «የእኔን አንድ አሥረኛ እንኳ ለማይሸጥ ሱቅ፣ እኔው አፍሬ!»

አያ አንበሶ ወደ ደላላው ዞሩ። «ቀበሮ፣ አንተ ተመላሹን ታውቅ ነበር?»

«ንጉሥ ሆይ፣ ደላላ የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው» አለ ቀበሮ። «ስንት ተመለሰ ብላ አልጠየቀችኝም።»

«እንግዲያ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሳይጠየቅ ይናገር» አሉ አንበሳው። «በዚህ ሸለቆ ሽያጭ ሲባል ሁሉም በእማማ ጃርት ሕግ ይቆጥራል። እኔም ጭምር። አህዪት፣ ገብስሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ቀበሮ አንድ አሥረኛውን ሳያነሣ ጅራቱን ቆልፎ በቁጥቋጦው መሀል ሾለከ።

ያ በጋ ሦስት ወር ይቆያል ሲባል አምስት ወር ቆየ። ወንዙ ደረቀ፣ ሣሩ ከሥሩ ጠፋ። አህዪት በአራተኛው ወር ወለደች፤ ገብሷን በጭብጥ እየሰፈረች በልታ ወተት ሰጠች። የመጀመሪያው ዝናብ ደጅዋን ሲመታ በስልቻው ሥር የቀረው ሁለት ጭብጥ ነበር። ያን ሐሙስ ብታስረክበው ኖሮ ውርንጭላዋ ዝናብ የሚባል ነገር አታይም ነበር። አህዪት ይህን እያሰበች፣ ልጇ በቀጫጭን እግሮቿ ጭቃው ላይ ስትንገዳገድ ቆማ አየቻት።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁለት ሱቆችን በሽያጫቸው ከማወዳደራችን በፊት ሁለቱም ሽያጭ የሚሉት አንድ ዓይነት ነገር መሆኑን፣ ማድረሻው፣ ቅናሹና ተመላሹ ተነሥቶም በእጅ የሚቀረው ስንት እንደሆነ ማረጋገጥ እንዳለብን ነው።