ደጅን የተረጎመው ሊቅ

አንድ ሊቅ ነበር፤ ስሙ እንግዳወርቅ ይባላል። ቅኔ የሚያስተምርበትን ወንበር የአገረ ገዢው አማች ቀምቶት፣ ተማሪዎቹም ተበትነውበት፣ አቤት ሊል ወደ ንጉሡ ከተማ ወጣ። ለጥቂት ቀን ብሎ ነበር የወጣው። ደጅ ሲጠና ጢሙ ሸበተ።

ከግቢው በር ውጭ አብራው የምትውል ትርንጎ የምትባል ባልቴት ነበረች። የእሷን መሬት ደግሞ የመንደሯ ሹም ድንበር እየገፋ፣ እየገፋ፣ በመጨረሻ እስከ ቤቷ ደጃፍ አርሶባታል። ትርንጎ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ቆሎ ለሁለት ትከፍላለች። እንግዳወርቅ በፈንታው፣ ንጉሡ ፊት ስትቀርብ ነገሯን እንዴት አሳጥራ እንደምትናገር ያስጠናታል።

በር ጠባቂው አጋፋሪ ጠዋት ጠዋት ብቅ ብሎ ያያቸዋል።

«ዛሬም አላችሁ?»

«ወዴት እንሂድልህ?» ትላለች ትርንጎ። «አንተ እስክትሞት እንጠብቃለን።»

«ነገ» ይልና በሩን ይዘጋዋል።

አንድ ቀን ዝናብ አጥሩ ሥር አስጠግቷቸው ሳለ ትርንጎ፣ «የኔታ፣ ከሁለታችን ቀድሞ የገባ የሌላውንም ይናገር» አለች። ማለላት። እሷም ማለችለት።

ከዕለታት በአንዱ ንጉሡ ግብር አብልቶ ሲያበቃ ቃል ማስፈታት አማረው። «ደጅ፣ ደጅ ስትሉ ትውላላችሁ። ለመሆኑ ደጅ ምንድን ነው? ቃሉስ ከወዴት መጣ?» ሲል ጠየቀ። አንዱ መኰንን ቶሎ ተነሥቶ፣ «‹ደግ› ከሚለው ነው፤ የደግ ንጉሥ በር ነውና» አለ። ሌላው፣ «የለም፣ ‹ደጀን› ከሚለው ነው፤ ጃንሆይ የአገር ደጀን ነዎትና» አለ። ንጉሡ አዛጋ።

«ጃንሆይ» አለ አጋፋሪው፣ «ደጅ ላይ ተቀምጦ ያረጀ አንድ ሊቅ አለ። እሱ ያላወቀው ማን ያውቀዋል?»

መኳንንቱ ሳቁ። እንግዳወርቅን አስገቡት። ያን ሁሉ ዘመን በልቡ ሲደግመው የኖረው አቤቱታ ከንፈሩ ላይ ነበር፤ የንጉሡ ጥያቄ ግን ቀደመው።

«ጃንሆይ፣ አባቶች ከግእዙ ‹ዴዴ› ጋር ያዛምዱታል፤ በር ማለት ነው» አለ። «ትርጉሙ ግን ሰው እንደ ቆመበት ነው። ውስጥ ላለ ሰው ደጅ ማለት ውጭ ነው፤ ‹ውሻውን ወደ ደጅ አስወጡት› ይላል። ውጭ ላለ ሰው ደጅ መግቢያ ነው፤ ‹ደጅ እጠናለሁ› ይላል። ቃሉ የሁለቱም ነው፤ ብርዱ የአንዱ ብቻ ነው።»

ንጉሡ ጉልበቱን መታ። «እንዲህ ያለ ሰው ውጭ ማሳደር ነውር ነው! አጋፋሪውም አርጅቷል። ደጅን ያወቀ ሰው ደጄን ይጠብቅ!» ብሎ ካባ አለበሰው።

እንግዳወርቅ መሬት ስሞ ተነሣ። የወንበሩንም የትርንጎንም ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ካባው ሞቀው። ሹመት ተቀብሎ ወዲያው ሌላ መለመን ስስት መሰለው። «ከእንግዲህ ቅርቡ ነኝ፤ ሲመቸው እነግረዋለሁ» አለ በልቡ።

ሲወጣ ትርንጎ ካባውን አይታ እልል አለች። «ነገሩልኝ፣ የኔታ?»

«ነገ» አላት።

በማግስቱ ንጉሡን አልተመቸውም። ከዚያ ጾም ገባ፤ ከጾሙ በኋላ ዘመቻ ሆነ። እንግዳወርቅ መሐላውን አልረሳም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። በሩን ሲከፍት ዓይኑን ከእሷ ያሸሽ ጀመር፤ ቆይቶም በጓሮ በር መውጣት ለመደ። አንድ ጠዋት እንግዶች ሲመጡ፣ «እማማ፣ መተላለፊያ አይዝጉ፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» የሚል ድምፅ ሰማ። የራሱ ድምፅ ነበር።

ትርንጎ ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ለቁጣም ደክሟት ነበር።

«የኔታ፣ ደጅ የሚለውን ለንጉሡ ፈትተው ተሾሙ አሉ። ለእኔ ደግሞ ነገ የሚለውን ይፍቱልኝ።»

ይህን ብላ ቋጠሮዋን ፈታች፤ ቆሎውን እንደ ልማዷ ለሁለት ከፈለች፤ ድርሻውን በሩ ደፍ ላይ አኖረችለትና ወደ አገሯ መንገድ ገባች። ሊጠራት ይችል ነበር። አልጠራትም። ወንበሩም በአገረ ገዢው አማች እጅ እንደ ሆነ ቀረ፤ የራሱን እንኳ ሳይናገር አረጀ።

የተበደለ ሰው ሁሉ ፍትሕ ወዳድ ይመስለናል። ብንመረምረው ግን፣ አብዛኞቻችንን የሚያንገበግበን የበሩ መዘጋት ሳይሆን እኛ ውጭ መቅረታችን ነው። በደል ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው፣ ትናንት ውጭ የነበረው ዛሬ ሲገባ በሩን ከኋላው ስለሚዘጋው ነው።

እናንተ የገባችሁ፣ ቆሎውን አካፍሏችሁ ደጅ የቀረው ማን ነበር?