ሦስት ጊዜ ያለቀው ጋሪ

አንድ ጊዜ፣ ጀርባዋ በጭነት የተላጠ አህያ ጋሪ አዘዘች። እህል ወደ ገበያ የምታመላልሰው በጀርባዋ ነበር። ቁስሏ በየክረምቱ ትንሽ ይሽርና በበጋ ይመለሳል። ያን ዓመት ግን ሰኔ ገብቶም አልሻረም። መድኃኒት አዋቂው ጉሬዛ ጎንበስ ብሎ አየላትና፣ «እመት አህዪት፣ አንድ በጋ ከጫንሽበት ሁለተኛውን አታዪውም» አላት። አጽናኝ ቃል አልጨመረም፤ ሥራው ማየት ነበር።

በዚያ አገር ጋሪ የሚሠራው ቀበሮ ነው። ዳሱን የጣለው ከወንዙ ማዶ፣ እንጨት ከማይጠፋበት ጫካ ጥግ ነበር። አህያ ወንዙ ሳይሞላ ተሻግራ ሄደች።

«አያ ቀበሮ፣ ባዝዝህ መቼ ታደርስልኛለህ?»

«መስከረም ሠላሳ። አንዲት ቀን አታልፍም።»

«ዋጋውስ?»

«ሃያ ቁና ገብስ፤ አሁኑኑ፣ በሙሉ። የኬላው ቀረጥ ደግሞ ያንቺ ነው። እኔ ከኬላ ጋር ጉዳይ የለኝም።»

ኬላው የንጉሡ የአንበሳ ነበር። በወንዙ መሻገሪያ ላይ ቆሞ፣ ለሚያልፍ አዲስ ጋሪ ሁሉ አንድ ቁና ገብስ ይቀበላል። አህያ ጎተራዋን በልቧ ለካች። ሃያ አንድ ቁና ነበራት። ሃያውን ብትሰጥ የምትቀረው አንዲት ቁና ልክ ለቀረጡ ትበቃለች። ለራሷ ሣር ትግጣለች፤ ሣር ገና ቀረጥ አልወጣበትም።

«ይሁን» አለች። ሰኮናዋን ከቀበሮ መዳፍ ጋር አጋጨች፤ ውሉም በዚሁ ታሰረ።

መስከረም ሠላሳ መጣ። ጋሪው አልመጣም። አህያ ጉዳዩን እንዲጠይቅላት ቁራን ላከች፤ ቁራም እንደ ልማዱ በዚያው ቀረ። ቀጥላ እርግብን ላከች። እርግብ በማግስቱ ተመልሳ፣ «ወንዙ ሞልቷል፣ ሲጎድል ይመጣል ብሏል» አለቻት። ወንዙ በርግጥ ሞልቶ ነበር። አህያም ጠበቀች፤ እየጠበቀችም በቁስሏ ላይ ጆንያ መጫኗን ቀጠለች።

ወንዙ ጎደለ። ጋሪው አልመጣም። ጥቅምት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው የንጉሡ ነጋሪት ተመታ።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ከኅዳር አንድ ቀን ጀምሮ ኬላውን የሚሻገር አዲስ ጋሪ ሁሉ አምስት ቁና ይከፍላል!»

ቀረጡ ለምን እንደ ጨመረ አዋጁ አልተናገረም። የጠየቀም አልነበረም።

ኅዳር ስምንት ቀን፣ ቀበሮ ጋሪውን እየገፋ ኬላው ደጃፍ አድርሶ አህያን አስጠራት። ጋሪው ጥሩ ነበር። መንኮራኩሩ የወይራ እንጨት ነው፤ መጋጠሚያው ሁሉ በአዲስ የበሬ ጠፍር ተጠፍሯል። አህያ ዙሪያውን ዞረችው። ያ ሁሉ ጭነት በእርሱ ላይ ሆኖ ጀርባዋ ባዶውን ሲሄድ ታያትና ጆሮዋ ቆመ።

«ያምራል?» አላት ቀበሮ። «በይ እንግዲህ አምስት ቁናሽን ክፈዪና ውሰጂው።»

«አንድ ነበር እኮ የተባባልነው!»

«የተባባልነው ‹ቀረጡ ያንቺ ነው› ብለን ነው። አንድ ነው፣ አምስት ነው የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ቀረጡን የጨመረው አንበሳ ነው፤ በእኔ ላይ ምን ታናፊያለሽ?»

«ያለኝ አንድ ቁና ብቻ ነው።»

«እንግዲያስ ቅዳሜ በቅሎ ትወስደዋለች። አምስቱን ይዤ እመጣለሁ ብላለች።»

«በቅሎ? አባትሽ ማነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው የምትለዋ?»

«አጎቷ ፈረስ ይሁን ፍየል፣ ገብስ አላት።»

«የኔ ሃያ ቁናስ?»

«ከተረፈ እመልስልሻለሁ።»

አህያ የቀበሮን «ከተረፈ» ታውቀዋለች። ከዶሮ ቤት ከተረፈ የሚመለስ ላባ ነው። እግሮቿን መሬት ላይ ተከለችና ጮኸች።

«በሕግ አምላክ!»

ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ክርክር የተነሣበትን ዕቃ የሚያንቀሳቅስ የለም፤ የአገሩ ሕግ ነው። ቀበሮም እጁን ከጋሪው ላይ አነሣ። ግን አልደነገጠም።

«ይሁን፣ እንዳኛለን» አለ። «አንበሳ አይዳኘንም፤ ቀረጡ የእርሱ ነው። ሽማግሌ እንምረጥ። እኔ አባ ኤሊን እላለሁ።»

አህያ ወደ ቀበሮ አየች። ነገሩ ስለ መዘግየት ነው፤ በዓለም ላይ ከኤሊ የዘገየ ማን አለ? የዘገየን ለመውቀስ ኤሊ ምን አፍ ይኖረዋል? ቀበሮም ይህንኑ አስቦ እንደ መረጠው ከፈገግታው አወቀች። ነገር ግን ኤሊን «አልፈልግም» ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ በኤሊ ላይ ደግሞ ክፉ የሚናገር ሰምታ አታውቅም።

«እሺ» አለች። «ለዓርብ ጠዋት፣ ከሾላው ሥር።»

ዓርብ ጠዋት አህያ ፀሐይ ሳትወጣ ደረሰች። ቀበሮ አረፋፍዶ መጣ። ኤሊ ግን ሁለቱንም ቀድሞ፣ ከሾላው ሥር አንገቱን አውጥቶ ይጠብቅ ነበር።

«አባ ኤሊ፣ መቼ ነው የመጡት?» አለ ቀበሮ።

«ትናንት ከቀትር በኋላ ገባሁ። የተነሣሁት ረቡዕ ነው» አለ ኤሊ። «ርምጃዬን ስለማውቅ በቀጠሮ ላይ ቀልጄ አላውቅም። ተቀመጡ።»

ቀበሮ ጅራቱን ወደ ታች አድርጎ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የተናገረው እርሱ ነው፤ በደንብም ተናገረ። «ውላችን አጭር ነው፣ አባቴ። ጋሪ መሥራት የእኔ፣ ቀረጥ መክፈል የእርሷ። ሠራሁ፤ ትክፈል። ዘግይቷል፣ አልክድም፤ ወንዝ ሞልቶ ነው። ወንዝ የሞላው በእኔ ትእዛዝ አይደለም፤ ቀረጥም የጨመረው በእኔ ምክር አይደለም። ባልሠራሁት ጥፋት አራት ቁና ክፈል ብባል፣ ነገ ማን ጋሪ ይሠራል?»

ነገሩ ውሸት አልነበረበትም፤ አህያን ያስፈራት ይኸው ነው። ተራዋ ሲደርስ ፊቷን አዙራ ጀርባዋን አሳየች።

«እዩልኝ፣ አባ ኤሊ። በመስከረም ጋሪዬ ቢደርስ ይህ እስካሁን በሻረ ነበር።»

ኤሊ ቀስ ብሎ ተጠግቶ አየ።

«አየሁት፤ ያማል» አለ። «ግን ቁስል ቀን አይነግረኝም። እኔ የምፈልገው ቀን ነው። ውሉ ለየትኛው ቀን ነበር?»

«ለመስከረም ሠላሳ።»

«ቀበሮ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ቀረጡ የጨመረው ኅዳር አንድ ቀን ነው፤ ነጋሪቱን ሁላችንም ሰምተናል። በመካከሉ አንድ ወር አለ። እኔ የምኖረው መሻገሪያው አጠገብ ነው፤ ውሃው ከደረቴ በታች ሲሆን እሻገራለሁ። ዘንድሮ የተሻገርኩት ጥቅምት አምስት ቀን ነው። ለእኔ ያነሰ ውሃ ለጋሪ ምንድን ነው? ከጥቅምት አምስት እስከ ጥቅምት ሠላሳ ጋሪው የት ነበር?»

ቀበሮ ወዲያው መለሰ። «ጭቃ፣ አባቴ! ውሃው ቢጎድል ጭቃው መቼ ለቀቀ? ምስክር አለኝ፤ ከዳሴ ሳይለይ ጋሪውን ሌት ተቀን ሲጠብቅልኝ የነበረ። አያ ጅቦ! ወዲህ ና!»

ከቁጥቋጦው ውስጥ ጅብ ብቅ አለ። አህያ ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ አለች። በሸንጎ ቀን ማንም ማንንም አይበላም፤ ይህም ሕግ ነው፤ እግሯ ግን ሕጉን ከመስማቱ በፊት ሄዶ ነበር። ጅብ ለምስክርነት በመጠራቱ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ለምንም ነገር ምስክር ያደረገው አልነበረም።

«አያ ጅቦ፣» አለ ኤሊ፣ «ጋሪው ያለቀው መቼ ነው?»

«ስንተኛው?» አለ ጅብ።

«ጋሪው አንድ ነው።»

«ጋሪውማ አንድ ነው። ያለቀው ግን ሦስት ጊዜ ነው።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባቴ፣ እርሱ ቁጥር ላይ ብዙም—»

«ሦስትማ መቁጠር እችላለሁ!» አለ ጅብ ተቆጥቶ። «መጀመሪያ ያለቀው መስከረም ሃያ ላይ ነው። ጠፍሩ የወይፈን ነበር። እንዴት ያለ ጠፍር መሰላችሁ! ለስላሳ፣ ስቡ ገና ያልለቀቀው።»



«ከዚያስ?» አለ ኤሊ።

«ከዚያማ መንኮራኩሩ በየፊናው ተንከባለለ። ቀበሮ ሌላ ጠፍር ፈልጎ እንደገና ጠፈረው። ይሄ ጥቅምት ስድስት ላይ ነው፤ መንገዱ ደርቆ ነበር፣ ሊሄድ ሲል ነው። የዚያኛው የአሮጌ ላም ስለሆነ ትንሽ ይጎመዝዛል። ግን ይበላል።»

«በላኸው?»

«ሌሊት ይርባል እኮ፣ አባቴ። ሦስተኛው የበሬ ነው፤ ያን ግን ቀበሮ እላዩ ላይ ተኝቶበት አደረ።»

«ጠብቅ ተብለህ አልነበር?»

«ከሌባ ጠብቅ ነው የተባልኩት! ጠብቄያለሁ። አንድ ሌባ ጠጋ ያለ እንደሆነ ይጠየቅ!»

አህያ ከመስከረም ሠላሳ ወዲህ ጋሪውን እየጠበቀች የጫነችው ጆንያ ሁሉ ባንዴ ትዝ አላት። ይሁን እንጂ አልጮኸችም። ቀኖቹ ተራ በተራ እየወጡ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእርሷ ጎን ቆመው።

ቀበሮ ብድግ አለ። «እንግዲህ ሰማችሁ! አጥፊው እርሱ ነው። ጭማሪውን ጅብ ይክፈል!»

«በምን?» አለ ጅብ፣ በእውነት ግራ ገብቶት።

ኤሊ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ማለቱ በተረት ይነገራል። አንተ ግን ታውቀዋለህ። ጠፍር እንዲጠብቅ የቀጠርከው ለምንድን ነው?»

«… ደመወዝ አልጠየቀኝም።»

«አህዪት፣ ጅብ እንደሚጠብቀው ታውቂ ነበር?»

«እኔ?» አለች አህያ። «ባውቅማ እንኳን ሃያ ቁና ልከፍል፣ በዚያ ዳስ በር ባላለፍኩ!»

ጅብ ብቻውን ሳቀ።

ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ። ጥላው ከሾላው ግንድ አንድ ክንድ ያህል እስኪርቅ ድረስ አላወጣውም። ሲያወጣው እንዲህ ፈረደ።

«ውሉ ቀረጥ የአህያ ነው ይላል። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን የነበረውን አንድ ቁና አህያ ትክፈል። ቀሪው አራት ቁና የመጣው ከቀጠሮው በኋላ ነው። ጋሪውን ከቀጠሮው በኋላ ያቆየው ወንዝ አይደለም፤ ወንዙ ጥቅምት አምስት ለቋል። ያቆየው የበላው ጠባቂ ነው፤ ጠባቂውን የቀጠረው ቀበሮ ነው። አራቱን ቀበሮ ይክፈል። ከጅብ ማስመለስ ከቻለ ያስመልስ፤ የራሱ ጉዳይ ነው።»

«ወንዙ እስከ ኅዳር ሞልቶ ቢሆንስ ኖሮ?» አለ ቀበሮ።

«አራቱን ለሁለት እከፍለው ነበር። ዝናብን የቀጠረው የለም።»

«አንበሳስ? ቀረጡን የጨመረው እርሱ አይደለም እንዴ? እርሱ ምንም ሊከፍል አይደለም?»

 «ለአንበሳ ሽማግሌ የምትመርጥበት ቀን ሲመጣ ጥራኝ» አለ ኤሊ። «ከአሁኑ ብነሣ እደርስ ይሆናል።»

በማግስቱ ቅዳሜ ሁለቱ ኬላው ዘንድ ተገናኙ። ኬላ ጠባቂው ከርከሮ ነበር። አህያ አንዲት ቁናዋን ገለበጠች። ቀበሮም እያንዳንዱን ቁና እያመነታ አራቱን በላዩ ላይ ገለበጠ። ከርከሮ ክምሩን በአፍንጫው አስተካከለው።

«ይቺ የኔ ናት፤ እነዚያ የእርሱ ናቸው» አለችው አህያ፣ እንዲታወቅላት ብላ።

«ለኬላው አምስት አምስት ነው» አለ ከርከሮ። «የማን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እለፊ።»

አህያ ወደ ቀንበሩ ገባች። ወንዙን ስትሻገር ጋሪው ከኋላዋ መጣ፤ ጀርባዋን የነካው ነፋስ ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ቀረጥን የሚጨምር ማንም ቢሆን፣ ከቀጠሮ በኋላ የመጣው ጭማሪ ቀጠሮውን ባሳለፈው ጫንቃ ላይ እንጂ ቀኑን ጠብቆ በቆየው ላይ እንደማይጫን ነው።